ኮንፎር ሲተረጎም

ቃሉን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ይህን ከወዲሁ ልናገር፤ ኋላ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ «ይቺ ሴትዮ ስንቱን ስትሰድብ የራሷን ደበቀች» እንዳትሉኝ።

ጅቡቲ ውስጥ የኢትዮጵያን ጭነት ከወደብ በሚያስወጣ አንድ የትራንዚት ቢሮ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን እሠራለሁ። ከውጭ ሲያዩት ወረቀት መሙላት ነው። ሲገቡበት ግን ስም ማውጣት ነው፤ ኮንቴነሩ ውስጥ ያለውን ዕቃ ለጉምሩክ በትክክለኛ ስሙና በትክክለኛ ምድቡ ማስመዝገብ። የውሃ ፓምፑን «የቤት ዕቃ» ብለሽ ከጻፍሽ ጭነቱ ይታገዳል፣ መኪናው ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ሾፌሩ ከነዘር ማንዘርሽ ይሰድብሻል። ፀጉሬ በዚህ ሥራ ሸብቷል፤ አንድም ቀን ዕቃን ባልሆነ ስሙ አስገብቼ አላውቅም። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራቱ ምን እንዳመጣ ትሰማላችሁ።

ፈረንሳይኛውን የተማርኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ስለነበር የካቶሊክ ሲስተሮቹ ትምህርት ቤት አስገባኝ። እናም ቢሮው ውስጥ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ የኪራይ ውል ይሁን፣ የመብራት ማስጠንቀቂያ ይሁን፣ የሥራ አስኪያጁ ልጅ ከትምህርት ቤት ያመጣው የቅጣት ወረቀት ይሁን። «አንቺ እኮ አንድ ነሽ» ይሉኛል፤ በቃ፣ ምስጋናው እሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሮው ለሠራተኞቹ የግል የጤና ኢንሹራንስ ገባ። እዚህ አሱራንስ ነው የሚባለው። የፕላስቲክ ካርድ ታደለን፤ ከየደሞዛችን በየወሩ ይቆረጣል፣ የቀረውን ቢሮው ይጨምራል። ከካርዱ ጋር የመጣውን ደንብ ወደ አማርኛ መልሺ ተባልኩ፤ በሁለት ቀን መለስኩት። «የማይሸፈኑ» በሚለው ክፍል ውስጥ «ፕሮዲዊ ደ ኮንፎር» የሚል ነበር። ኮንፎር ምቾት ነው፤ «የምቾት ምርቶች» ብዬ አለፍኩት። የፀጉር ማሳደጊያ፣ የፊት ቅባት፣ የጥርስ ማንጫ መሰለኛ! ሁሉም ፈረመ። እንዲያውም አንዷ ስትጠይቀኝ «ታዲያ ለቅባትሽም ይክፈሉልሽ እንዴ?» ብዬ አሳቅኩባት።

ያቺን ያሳቅኩባትን ልጅ ላስተዋውቃችሁ። የደሴ ልጅ ናት፤ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጣ የጨረስኩትን ሰነድ እያባዛች በየመኪናው ለይታ ለሾፌሮች ታስረክባለች። ልጅ አልኩ እንጂ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሃያብለ ሰፈር ውስጥ ጣራዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ በሆነች ቤት ትኖራለች፤ ባሏ በጋላፊ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፣ በወር ሁለት ሦስቴ ብቅ ይላል። እኔን «እትዬ» እና «እርስዎ» ትለኛለች። «አቦ ተይኝ! ድሬ ላይ ከንቲባውንም አንተ ነው የምንለው» ብላት «እሺ እትዬ፣ እንዳሉ» ብላኝ እርፍ።

ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ሞታ ነው የተነሳችው። ግፊቷ አሻቅቦ፣ አንዘፍዝፎ ጥሏት፣ ሁለት ቀን ራሷን አታውቅም ነበር። ከአልጋ ስትነሳ ሐኪሟ ጠራቻት። ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ የተረጋጋች ጅቡቲያዊት ናት። አስተርጓሚዋ ያው እኔ ነኝ። «ሌላ እርግዝና አትችይውም» አለቻት። «ድጋሚ ካረገዝሽ የእነዚህን ሁለቱን ልጆች እናት ነው የምናጣው ብዬ እፈራለሁ።» የተለመደው የወሊድ መከላከያ እንክብል ለግፊት አይሆንም ብላ፣ ክንድ ውስጥ ከቆዳ ሥር የሚቀበረውን፣ ለዓመታት የሚከላከለውን አዘዘችላት። ልጅቷ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት ለማስፈቀድ አሱራንሱ ቢሮ ሄድን። በዚህ ከተማ ጫቱ ከገባ በኋላ ጉዳይ የሚባል ነገር ስለሌለ በጊዜ ነው የደረስነው። መስኮቱ ላይ የነበረው ሰውዬ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነው የተቀበለን። ወረቀቱን አየ፣ ኮምፒውተሩን ነካካ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ኮንፎር ነው ማዳም።»

«ምኑ?»

«የወሊድ መከላከያ በሙሉ ኮንፎር ውስጥ ነው ያለው። አይሸፈንም።»

ደሜ ፈላ። የሐኪሟን ማስታወሻ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት፤ ግፊቷን፣ መንዘፍዘፏን፣ ሁሉን። አነበበው፣ ከልቡም አዘነ። ታዲያ ሐዘኑ ምን ይረባል፣ ኮምፒውተሩ እንደሆነ አላዘነ!

«እሺ፣ ካረገዘችስ?» አልኩት።

ፊቱ በራ። «ለወሊድ የኛ አሱራንስ አንደኛ ነው! ክትትሉ፣ ማዋለጃው፣ ቀዶ ጥገናው፣ የሕፃኑ ሕክምና፣ መቶ በመቶ እንከፍላለን።»

«ከሞተችስ?» እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አጠገቧ ቆሜ እንዲህ አልኩ።

«አስከሬን ወደ ሀገር መመለስም ይሸፈናል» አለኝ፤ እንደ ጥሩ ዜና።

ልጅቷ ከፈረንሳይኛው ጥቂት ጥቂት ነው የምትሰማው። እጄን ነካ አድርጋ «እትዬ፣ ምን አሉ?» አለችኝ።

«ምቾት ነው፣ አይሸፈንም አሉ።»

«የማን ምቾት?»

እንዴ፣ ምን ይመለሳል? የኔን ትርጉም ይዛ ስትፈርም «ቅባት» ብዬ ስቄባታለሁ። ለካስ እዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ከጥርስ ማንጫና ከፀጉር ማሳደጊያ ጋር የሰው ነፍስ ጭነው ኖሯል። እንዲህ ያለ አመዳደብ ወደብ ላይ አንድ ሰው ቢሠራ ፈቃዱን ይነጠቃል።

ሰውዬው ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማዳም፣ ሐኪሟ በሌላ ምክንያት ትጻፍላት። ‘የወር አበባ ደም ስለሚበዛባት’ ብላ ብትጽፍ ሕክምና ይሆናል፣ ዛሬውኑ ያልፋል።»

ይሄንንም ተረጎምኩላት። ልጅቷ ተስፋ አድርጋ አየችኝ። «እትዬ፣ ታዲያ ቢጻፍ ምን አለበት? ዋናው ክንዴ ውስጥ መግባቱ አይደል?»

«በጭራሽ!» አልኳት። ቃሌን ዛሬም እሰማዋለሁ። «ካርዱ ያንቺ፣ የሚቆረጠው ካንቺ ደሞዝ፣ ለምንድነው እንደ ሌባ የምትዋሺው? ጠብቂ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ። በእውነተኛ ስሙ ያልፋል።»

«እሺ እትዬ» አለች። ጠበቀች።

ዝም ብላ እንኳ አልተቀመጠችም። ሰፈሯ ያለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሄዳ ተሰልፋ ነበር፤ ያን ሰሞን ያለው እንክብሉ ብቻ ነው፣ በሌላ ጊዜ ነይ ተባለች። ደሴ ብትሆን ጤና ጣቢያ ገብታ በነፃ አስቀብራው ትመለስ ነበር። ሄጄ ልምጣ ብላ ፈቃድም ጠይቃለች፤ የማዳበሪያ መርከብ ገብቶ ማን ይለቃታል? ባልየውስ ቢጠነቀቅ ትሉኝ ይሆናል። ነግራዋለች፤ እሺ ይላል። እሺታውን ግን እንደ ስንቁ መንገድ ላይ ጨርሶት ነው የሚመጣው።

እና እኔስ? ከኪሴ አውጥቼ ማስደረግ እችል ነበር። እችል ነበር! እምቢ አላልኩም፤ ጭራሽ አልታሰበኝም። ክርክሩን ማሸነፍ ነበር የፈለግኩት።

ክርክሩ መጣ። አሱራንሶቹ «ቢሮአችሁ በደብዳቤ ከጠየቀ አንድ አንቀጽ እንጨምራለን» አሉ። ቀላል ነገር ነው፣ አንድ ፊርማ። ሥራ አስኪያጃችን ግን ሰው እንዳይቀየመው የሚፈራ ሰው ነው፤ «ሠራተኛው ይወስን» አለና ሐሙስ ቀትር ላይ ሰበሰበን። ነገ ዓርብ እረፍት፣ ጫቱ ሊገባ ትንሽ ቀርቶታል፣ ግማሹ ሰው ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። እኔ የአንድም ሰው ስም ሳልጠራ፣ «ከመካከላችን አንዷ ብታረግዝ ትሞታለች ተብላለች» ብዬ ጀመርኩ። አዳራሹ ሙሉ ወደ ልጅቷ ዞረ። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፣ አቀረቀረች። ስም አለመጥራቴ ምን ጠቀማት!

የጭነት ክፍሉ አንጋፋ፣ ሁላችንም የምናከብረው ሽማግሌ፣ ተነሳ። «በእኔ ደሞዝ የልጅ መከልከያ አይገዛም» አለ። «ልጅ የእግዜር ስጦታ ነው። እሱ ያውቃል።» ሒሳብ ክፍል ያለው የሐረሩ ሙስሊም ደግሞ «በዚህስ ጋሼ ልክ ናቸው» አለ። ሁለቱ በመስኮት መከፈት እንኳ ተስማምተው አያውቁም። አንድ መሥሪያ ቤት በሴት ማህፀን ላይ ሲሆን ነው ለካ ፍቅር የሚወርድለት!

«ጋሼ፣ ስጦታ ከሆነ ለማዋለጃው ለምን በእርስዎ ደሞዝ ይከፈላል?» አልኩት። የድሬነቴን ትቼ እርስዎ ያልኩት ለሽሙጥ ነው።

«እሱ ሕክምና ነው።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ያለው የእርስዎ አገር ሰው አይደለም እንዴ?»

ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ፣ ይሄ የግል ጉዳይ ነው። የመኝታ ቤት ጉዳይ ቢሮ አይገባም።»

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። ሥራ አስኪያጁ እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ እየተቆረጠ ያንኮራፋል፤ አሱራንሱ አፍንጫው ላይ የሚደረግ ማሽን ገዝቶለታል። ወረቀቱን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ አውቃለሁ። በሽታም ነው፣ አይካድም። ግን አፌን ማን ይያዘው? «የአንተ የማንኮራፊያ ማሽንስ የሚተከለው የት ነው፣ ሳሎን ነው?» አልኩት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ሳይቀር ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ጥቁርቁር አለ፤ «እጅ እናውጣ» አለ። ሳቁን አሸነፍኩ፣ እጁን ተሸነፍኩ። ሴቶቹ እንኳ አምስት ሆነን ከኔ ጋር ያወጣችው አንዷ ናት፤ ሌሎቹ ሥራ አስኪያጁን ያዩታል፣ መሬቱን ያያሉ። ልጅቷ ራሷ እጇ ከነጠላዋ ሥር አልወጣም። አልፈረድኩባትም። «ውሉ ዘንድሮ እንዳለ ይታደስ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል» ተብሎ ተጻፈ፣ ሰዉም ወደ ጫቱ ሮጠ።

ሳምንታት አለፉ። አሸዋ የሚያዘንበው ኸምሲን ነፋስ የገባ ሰሞን ልጅቷ ኮፒ ማሽኑን ትታ ወደ ውጭ ስትሮጥ አየኋት። «ሙቀቱ ነው እትዬ» አለች አፏን እየጠረገች። በማግስቱም ሙቀቱ ነው አለች። በሦስተኛው ቀን ሙቀቱ ነው ማለቱን ትታ ፊቴ ቆመች፤ ቦርሳዬን አንስቼ ይዣት ሄድኩ።

ሐኪሟ ውጤቱን አይታ መነጽሯን አወለቀች። ለልጅቷ ሳይሆን ለእኔ፣ በፈረንሳይኛ፣ «ያዘዝኩት ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ኮንፎር ነው ብለው ከለከሉ።»

«ታዲያ ለምን አልተመለሳችሁም? ሌላ ምክንያት እጽፍላችሁ ነበር። ለሁሉም እኮ እንደዚያ ነው የማደርገው።»

ለሁሉም! ይህች ዝምተኛ ሐኪም ለስንቷ ሴት በየቀኑ ትዋሻለች ማለት ነው። የከተማው ሚስቶች ሁሉ በወረቀት ላይ ደም ይበዛባቸዋል። አሱራንሱም ያውቃል፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬም ያውቃል፣ ሁሉም ተዋውቆ ይዋሻል፣ እኔ ብቻ እውነት ካልተጻፈ ብዬ ድርቅ! በውሸት በሚኖረው አገር ተናደድኩ፣ በእውነቴ ደግሞ ይባስ ተናደድኩ።

«እትዬ፣ ምን አለች?» አለችኝ ልጅቷ።

«ለምን አልተጠነቀቃችሁም ብላ ተቆጣች» አልኳት። በሕይወቴ የመጀመሪያውን ሐሰተኛ ዲክላራሲዮን የሞላሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላማ የአሱራንሱን ቸርነት አትጠይቁኝ። በየሳምንቱ ክትትል፣ ተፈቅዷል። የግፊት መድኃኒት፣ ተፈቅዷል። አልትራሳውንድ፣ ተፈቅዷል፤ ማኅተሙ የሚመጣው በዚያው ቀን ነው። ያ ሰውዬ መስኮቱ ላይ ስንደርስ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እያለ ይቀበለናል። ልጅቷ «አሜን» ትለዋለች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ወረቀቴን እቀበላለሁ።

ሰባተኛ ወሯን ሳትጨርስ ኮፒ ማሽኑ ሥር ወደቀች። እየተንዘፈዘፈች አቅፈን መኪና ውስጥ አስገባናት፤ እግሯን የያዘው ያ ሽማግሌ ነው። በቀዶ ጥገና አዋለዷት። ሴት ልጅ ናት፤ ሁለት መዳፍ የምትሞላ፣ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ የተኛች። እናትየው ነቃች፤ ዓይኗ ግን ጉም ለበሰ። ሐኪሟ «ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል» አለች፤ ቀን አልቆረጠችልንም።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ቆሞ ነበር የጠበቀኝ። «ያንን ደብዳቤ አርቅቂው፣ እፈርማለሁ» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሽማግሌውም ሙዝ ገዝቶ ክሊኒኩ በር ላይ አልቅሷል አሉኝ። ያልቅስ። ደብዳቤውን አንድም ቃል ሳላጣምም ጻፍኩ፤ «የወሊድ መከላከያ ሕክምና ነው፣ ኮንፎር አይደለም» አልኩበት። ፈረመ። አንቀጹም ይጨመራል ተባለ። ይኸው አሸነፍኩ! የፈረመበትን ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ልነግራት፣ ከሰዓት ክሊኒኩ ሄድኩ።

ከጋራ ክፍሉ አውጥተዋታል። ነርሷ በኮሪደሩ ወደ ዳር ወሰደችኝ፤ ብቻዋን የተኛችበት ክፍል ነው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ ቴሌቪዥን አለው፣ ለጠያቂ ሶፋ አለው፣ መጋረጃው የተተኮሰ ነው። ሃያብለ ካለችው ቆርቆሮ ቤቷ ይሰፋል። «ለወሊድ ይሄም መቶ በመቶ ይሸፈናል» አለችኝ ነርሷ። በሩ ላይ ቢጫ ሰሌዳ ተለጥፏል፤ አነበብኩትና ገባሁ።

ልጅቷ ኮቴዬን ሰማች። «እትዬ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«በሩ ላይ የሆነ ቢጫ ነገር ይታየኛል። ሰው ነው?»

«አይደለም፣ ጽሑፍ ነው።» ቢጫውን ማየት በመጀመሯ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

«ምን ይላል?»

ዝም ማለት እችል ነበር። የክፍል ቁጥር ነው ማለትም እችል ነበር፤ አንዴ ዋሽቻት የለ? ደብዳቤው በቦርሳዬ በኩል ጎኔን ይወጋኛል።

«ኮንፎር ይላል» አልኳት። «የክፍሉ ዓይነት ነው።»

ቀኝ እጇን ከአንሶላው አወጣችና የግራ ክንዷን ውስጡን፣ ያ ነገር ሊቀበርበት የነበረውን ቦታ፣ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው።

«ያ፣ ምቾት የተባለው?»

«እሱው።»

«እንግዲያ በመጨረሻ ፈቀዱልኝ ማለት ነዋ» አለች።